ጠብታው የሚሰጠውና የሚነሣው
ለቅርብ ዕይታ መድከም የሚታዘዙ የዓይን ጠብታዎችና ተጓዳኝ ጉዳታቸው በደቡብ ቆላ ከተሞች

(በተልተሌ ለተሰበሰቡ የማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)

ሰው አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ ፊደል ከዓይኑ መሸሽ ይጀምራል። መጽሐፉን ራቅ አድርጎ ይይዛል፤ ክር በመርፌ ቀዳዳ ለማሾለክ ልጅ ይጠራል፤ በመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን ለማየት ከቤት ወደ ደጅ ይወጣል። በመጨረሻም የክንዱ ርዝመት የማይበቃበት ቀን ይመጣል። ይህ ሁኔታ በሽታ አይደለም፤ እንደ ሽበት ሁሉ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ለውጥ ነው። የሕክምና ባለሙያዎች ፕሬስባዮፒያ ይሉታል፤ በተራ አነጋገር የቅርብ ዕይታ መድከም ማለት ነው።

ለውጡ የተፈጥሮ ቢሆንም የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የዕይታ ሪፖርት እንደተመለከተው፣ የቅርብ ዕይታቸው ደክሞ ተገቢውን መነጽር ያላገኙ ሰዎች ቁጥር 826 ሚሊዮን ያህል ነው። በተልተሌ፣ በያቤሎ፣ በሜጋ፣ በሞያሌና በነገሌ ቦረናም ይኸው ችግር በየሥራው ይታያል። የውኃ ጉድጓድ ፓምፕ የሚቆጣጠረው ሠራተኛ የግፊት መለኪያውን ጭረት ማንበብ ይሳነዋል። ቀያሹ የመሣሪያውን ቁጥር ደጋግሞ ለማየት ይገደዳል። ከዕፅዋት ጭረት የወተት ዕቃ የምትሠራው እናት ስፌቷ ይዛነፍባታል። አርብቶ አደሩም ከከብቱ መዥገር ለመልቀም፣ ከልጁ እግር እሾህ ለመንቀል፣ በስልኩ የተላከለትን ገንዘብ መጠን ለማረጋገጥ የሌላ ሰው ዓይን ይዋሳል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ለዚህ ችግር ከመነጽር ሌላ መፍትሔ ቀርቧል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ቩዪቲ የተባለውን፣ 1.25 ከመቶ ፓይሎካርፒን የያዘውን የዓይን ጠብታ ለቅርብ ዕይታ መድከም እንዲታዘዝ ፈቀደ። በ2023 ክሎሲ የተባለውና 0.4 ከመቶ ፓይሎካርፒን ያለው ተከተለ፤ በሐምሌ 2025 ደግሞ አሴክሊዲን ከተባለ ሌላ መድኃኒት የተሠራው ቪዝ ተፈቀደ። ሦስቱም በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሰጡ ናቸው።

ይህ ዜና ሩቅ አገር የሚቀር አይደለም። ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ አንዱን ጠርሙስ በሻንጣው ሊያመጣ ይችላል። ፓይሎካርፒን ራሱም ለግላኮማ ሕክምና የቆየ መድኃኒት በመሆኑ፣ ስሙን የሰማ ሰው ያንኑ ፈልጎ ለንባብ ሊሞክረው ይከጅል ይሆናል። ስለዚህ ጠብታው ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚጎዳና ጉዳቱ እንዴት እንደሚያዝ አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የጠብታው ተጓዳኝ ጉዳት ከጥቅሙ ተነጥሎ የሚታይ ነገር አይደለም፤ ሁለቱም ከአንድ ሥራ ይመነጫሉ። ጠብታው ጥራትን ይሰጣል፤ ዋጋውን በብርሃን ያስከፍላል። በመሆኑም ጉዳቱን መቆጣጠር ማለት ብርሃንን፣ ሰዓትንና መጠንን መቆጣጠር ማለት ነው። በቆላ ከተሞች ደግሞ በዚህ ላይ ሙቀትና ርቀት ይጨመራሉ።

1. የዓይን አሠራር

በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ በወጣትነት ጊዜ ለስላሳና ተለማጭ ነው። ሰው ቅርብ ነገር ሲመለከት በሌንሱ ዙሪያ ያለው ሲሊያሪ የተባለ ጡንቻ ይኮማተራል፤ ሌንሱም ይበልጥ ጎበጥ ብሎ ብርሃንን የማጠፍ ኃይሉ ይጨምራል። ይህ ተጨማሪ ኃይል በዳይኦፕተር ይለካል። የአሥር ዓመት ልጅ ወደ 14 ዳይኦፕተር የሚጠጋ ተጨማሪ ኃይል ሲኖረው፣ በአርባ ዓመት ዕድሜ ወደ 5 ያህል ይወርዳል፤ በስድሳ ዓመት 1 ያህል ብቻ ይቀራል። ዋናው ምክንያት የጡንቻው ስንፍና አይደለም፤ የሌንሱ መጠንከር ነው።

በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያለን ጽሑፍ አጥርቶ ለማየት 2.5 ዳይኦፕተር ያስፈልጋል፤ ይኸውም 1 ለ0.4 ሜትር ሲካፈል የሚገኘው ነው። ዓይን ደግሞ ያለውን ኃይል ሁሉ ለረጅም ጊዜ ሊያወጣ አይችልም። ሞተር ቀኑን ሙሉ በመጨረሻ ጉልበቱ እንደማይሠራ ሁሉ፣ ዓይንም ግማሽ ያህሉን በመጠባበቂያነት ካልያዘ ይዝላል። ከአርባ ዓመት በኋላ ሂሳቡ የማይገጥመው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉድለቱን ለማሟላት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የጎደለውን ኃይል ከውጭ መጨመር ነው፤ መነጽር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ፣ ማለትም ብሌንን ማጥበብ ነው። በወረቀት ላይ በመርፌ ቀዳዳ በስቶ በዚያ አጮልቆ የሚያነብ ሰው የደበዘዘው ፊደል ጥርት ሲልለት ያያል። ካሜራ የሚያውቅ ሁሉ ቀዳዳው ሲጠብ ቅርቡም ሩቁም አብሮ እንደሚጠራ ያውቃል። ጠብታዎቹ የተመሠረቱት በዚሁ ሕግ ላይ ነው።

ሕጉ ግን ሁለት ፊት አለው። በሬቲና ላይ የሚያርፈው የድብዛዜ ክብ ስፋት ከብሌኑ አግድም ስፋት ጋር በእኩል መጠን ይቀንሳል፤ የሚገባው ብርሃን ግን የሚቀንሰው በአግድም ስፋቱ ካሬ ነው። ለምሳሌ ብሌን ከ4 ሚሊ ሜትር ወደ 2 ሚሊ ሜትር ቢጠብ ድብዛዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ ብርሃኑ ግን ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ሁለት እጥፍ ጥራት በአራት እጥፍ ብርሃን ተገዛ ማለት ነው።

ደብዳቤውን ይዞ ወደ ደጅ የሚወጣው ሽማግሌ ይህን ሕግ ያለ ትምህርት ቤት ያውቀዋል። በቀትር ፀሐይ ብሌን በራሱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጠብባል፤ ፊደሉም ይጠራለታል። የቆላ ፀሐይ የማይገዛ ጠብታ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፦ በቀትር ከቤት ውጪ ለሚሠራ ሰው መድኃኒቱ የሚጨምርለት ጥቂት ነው፤ ብርሃን ሲደክም ደግሞ የሚቀንስበት ብዙ ነው።

2. የመድኃኒቱ ታሪክና ውጤቱ

ፓይሎካርፒን ጃቦራንዲ ከተባለ የብራዚል ቁጥቋጦ ቅጠል የሚገኝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1875 ተለይቶ ታወቀ። ከዚያም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለግላኮማ ሕክምና ዋለ። ከመቶ ዓመት በላይ ባገለገለበት ዘመን ሐኪሞች ጥቅሙንም ጠባዩንም አወቁት። በቀን እስከ አራት ጊዜ መጨመሩ፣ ቅንድብን ማሳመሙና ዓይንን ማጨለሙ ሕመምተኞችን ያሰለች ስለ ነበር፣ ቲሞሎል የተባለው ጠብታ እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ ከተፈቀደ በኋላ ቦታውን ለአዳዲሶቹ እየለቀቀ ሄደ። አሁን ለንባብ ሲመለስ መጠኑ እንዲያንስና ፈሳሹ ዓይንን ይበልጥ እንዲስማማ ተደርጎ ነው፤ ጠባዩ ግን ያው የጥንቱ ነው።

መድኃኒቱ በዓይን ውስጥ ሁለት ጡንቻዎችን ያዛል። ብሌንን የሚያጠበውን ጡንቻ ያኮማትራል፤ የሚፈለገው ጥቅም የሚገኘው በዋናነት ከዚህ ነው። ሲሊያሪ የተባለውንም ጡንቻ ያኮማትራል፤ አብዛኛው ሕመምና የሩቅ ዕይታ መደብዘዝ የሚመጣው ከዚህ ነው። አሴክሊዲን የሚለይበት ነጥብ ብሌንን በጽኑ እያጠበበ ሲሊያሪን ብዙ አለመንካቱ ነው። በዚህም የሩቅ ዕይታ መደብዘዝ ይቀንሳል፤ ብሌኑ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ስለሚወርድ ግን የብርሃኑ ጉዳይ እንዳለ ይቀራል።

ውጤቱስ ምን ያህል ነው? ቩዪቲን ለማስፈቀድ ከተደረጉት ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች በመጀመሪያው 323 ሰዎች ተሳትፈዋል። በደብዛዛ ብርሃን፣ የሩቅ ዕይታቸው ሳይጎዳ በቅርብ የንባብ ሰሌዳ ላይ ሦስትና ከዚያ በላይ መስመር ያሻሻሉት፣ ጠብታው ከገባ ከ3 ሰዓት በኋላ ሲለካ፣ ከመቶ 31 ያህሉ ነበሩ። መድኃኒት የሌለው ጠብታ ከተሰጣቸው መካከል ይህን ያገኙት ከመቶ 8 ያህሉ ናቸው። መድኃኒቱ እንደሚሠራ አያጠራጥርም። ሆኖም ከተጠቃሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያን መለኪያ አለመድረሳቸውም መዘንጋት የለበትም።

3. ተጓዳኝ ጉዳቶችና አያያዛቸው

ሀ/ ራስ ምታትና የቅንድብ ሕመም። ከሁሉም ይበልጥ የሚታየው ይህ ነው፤ በሙከራዎቹ ከመቶ ተጠቃሚዎች ወደ 15 የሚጠጉት ራስ ምታት እንደተሰማቸው ተናግረዋል። ምክንያቱ የሲሊያሪ ጡንቻ መኮማተር ነው። ብዙውን ጊዜ ቀላል ሲሆን ዓይን መድኃኒቱን እየለመደ ሲሄድ ይቀንሳል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በዕረፍት ቀን መጀመር፣ ካስፈለገም ሐኪም የፈቀደውን ተራ የሕመም ማስታገሻ መውሰድ ይበቃል። ሕመሙ ከበረታ፣ ማስመለስ ከተከተለው፣ በመብራት ዙሪያ የቀስተ ደመና ዓይነት ክብ ከታየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት በድንገት መጨመሩን ሊያመለክት ስለሚችል ጠብታውን አቁሞ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ግዴታ ነው።

ለ/ የብርሃን መቀነስ። ይህ ከላይ የተጠቀሰው የሂሳቡ ሌላ ፊት ነው። ቤቱ የጨለመ፣ አምፖሉ የደከመ፣ ሰማዩ የዳመነ ይመስላል። በቪዝ ሙከራዎች ከመቶ 16 ያህሉ ዕይታቸው እንደጨለመባቸው ገልጸዋል። ለዚህ ፈውሱ ሌላ መድኃኒት አይደለም፤ መብራት ነው። የሚያነብ ሰው አምፖሉን ወይም የፀሐይ ኃይል ፋኖሱን ወደ ወረቀቱ ያቅርብ። የመብራት ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ አራት እጥፍ ይጨምራልና፣ ብሌኑ የነሣውን አራት እጥፍ በዚህ መመለስ ይቻላል። ለመንገድ ግን እንዲህ ያለ ማካካሻ የለም። ብሌኑ የጠበበ ሰው በጨለማ መኪና ወይም ሞተር ብስክሌት መንዳት፣ በደብዛዛ ብርሃን በሚሽከረከር መሣሪያ አጠገብ መሥራት አይገባውም።

ሐ/ የሩቅ ዕይታ መደብዘዝ። ሲሊያሪ ሲኮማተር ዓይን ለጊዜው ወደ ቅርብ ተስተካክሎ ይቆያል፤ ሩቁ ይደበዝዛል። ይህ ለጸሐፊ ትንሽ ነገር ነው፤ ከብቱን ከማዶ ለሚለይ አርብቶ አደር፣ የቅየሳ ምልክት ለሚያነጣጥር ባለሙያና ለሹፌር ግን ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያው ጠብታ ከገባ በኋላ ዕይታው ጥርት እስኪል ድረስ እንዲህ ያለውን ሥራ መተው ይገባል። ድብዛዜው በየቀኑ የሚደጋገም ከሆነ መድኃኒቱ ለዚያ ሰው ሥራ አይስማማም ማለት ነው።

መ/ መቅላትና ማቃጠል። ጠብታው በዓይን ነጭ ላይ ያሉትን ሥሮች ስለሚያሰፋ ዓይን ይቀላል፤ ሲገባም ሊያቃጥል ይችላል። ይህ በከተማ መስተዋት ፊት የመልክ ጉዳይ ነው፤ በቆላ ግን የምርመራ ጉዳይ ይሆናል። አቧራ፣ ጭስ፣ የዓይን ማዝና ትራኮማ ባለበት አገር ቀይ ዓይን ብዙ አባት አለው። መለያው ይህ ነው፦ የጠብታው ቅላት ጠብታው ከገባ በኋላ መጥቶ ውጤቱ ሲያልፍ አብሮ ይቀንሳል። በማግሥቱ ጧት ጠብታ ሳይገባ የቀላ፣ የሚያም፣ ብርሃን የሚያስፈራው ወይም መግል ያለው ዓይን የመድኃኒቱ ውጤት ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። በተለይ አይሪስ የተቆጣ ከሆነ ብሌንን የሚያጠብ መድኃኒት ብሌኑን ከሌንሱ ጋር እንዲያጣብቀው ሊያደርግ ይችላል። ቅላቱን ለማጥፋት ብሎ ያለ ማዘዣ የስቴሮይድ ጠብታ መጨመር ደግሞ ልትኳል ሄዳ ዓይኗን አጠፋች እንደተባለው ይሆናል።

ሠ/ በቀረው ሰውነት ላይ የሚታዩ ምልክቶች። የዓይን ጠብታ ከዓይን ወደ አፍንጫ በምትወርደው ቧንቧ አልፎ ወደ ደም ይገባል። መጠኑ ሲበዛ ላብ፣ ምራቅ መብዛት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ የልብ ምት መዘግየትና የትንፋሽ ማጠር ሊያስከትል ይችላል። የዓይን ሽፋን ከረጢት አንድ ሙሉ ጠብታ እንኳ አጠቃሎ መያዝ አይችልም፤ ሁለተኛው ጠብታ የሚፈሰው ወደ ጉንጭና ወደ ጉሮሮ ነው። ስለዚህ አንድ ጠብታ ብቻ አድርጎ፣ ዓይንን ጨፍኖ፣ ከአፍንጫ ጋር የሚገናኘውን የዓይን ማዕዘን በጣት ለሁለት ደቂቃ ያህል ጫን ብሎ መያዝ ሁለት ነገር ያተርፋል፤ መድኃኒቱ በዓይን ይቆያል፣ ወደ ደምም የሚያልፈው ይቀንሳል።

በዚህ ረገድ ለአርብቶ አደር አካባቢ የተለየ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። መዥገር ለማጥፋት በከብት ላይ የሚረጩት እንደ ዲያዚኖን ያሉ የኦርጋኖፎስፌት መድኃኒቶች ሰውን ሲመርዙ የሚያሳዩት ምልክት ከላይ ከተዘረዘረው ጋር ይመሳሰላል፤ ከምልክቶቹም አንዱ የብሌን እጅግ መጥበብ ነው። ጠብታ የተጠቀመ ሰው በዚያው ቀን ርጭት ቢያካሂድና ቢታመም፣ የጤና ባለሙያው የብሌኑን መጥበብ ከየት እንደመጣ ለመለየት ይቸገራል፤ የሁለቱም ሥራ በሰውነት ላይ ተደማሪ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም በርጭት ቀን ጠብታ አይደረግም፤ የታመመም ሰው ጠብታ መጠቀሙን አስቀድሞ ይናገር።

ረ/ የሬቲና መላቀቅ። ይህ እምብዛም የማይደርስ፣ ከደረሰ ግን ከሁሉም የከፋ ጉዳት ነው። ብሌንን የሚያጠቡ መድኃኒቶች በአንዳንድ ሰዎች፣ በተለይም አስቀድሞ ሬቲናቸው በሳሳ ሰዎች ላይ፣ ሬቲና እንዲቀደድ ወይም እንዲላቀቅ ምክንያት ሊሆኑ እንደሚችሉ በመድኃኒቶቹ መግለጫ ላይ ተጽፏል። ምልክቱ በድንገት የሚታይ የብርሃን ብልጭታ፣ እንደ ትንኝ የሚንሳፈፉ ጥቁር ነጠብጣቦች መብዛት፣ ወይም ከአንድ ወገን እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ነው። ሕመም የለውም፤ ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። በዚህ ጊዜ የሚቆጠረው ሰዓት እንጂ ሳምንት አይደለም።

4. ቆላው የሚጨምረው

በምሕንድስና ሙያ የደኅንነት ማካካሻ የሚባል ነገር አለ። ድልድይ የሚሠራ ሰው የሚጠበቀውን ጭነት ብቻ አስቦ አይሠራም፤ ብልሽት ቢደርስ የሚያስከትለውን ጉዳት፣ ለጥገናም ያለውን አመቺነት አስቦ ይጨምራል። የጥገናው ቦታ በራቀ መጠን ማካካሻው መብለጥ አለበት። ይህ ደንብ ለመድኃኒትም ይሠራል።

በትልቅ ከተማ የሚኖር ሰው ብልጭታ ቢያይ በዚያው ቀን የሬቲና ሐኪም ሊያገኝ ይችል ይሆናል። ተልተሌ ያለ ሰው ግን በመጀመሪያ በስተ ምሥራቅ ወደ ያቤሎ መውጣት ይኖርበታል። ከያቤሎ የሬቲና ቀዶ ሕክምና እስከሚገኝባት አዲስ አበባ ድረስ ደግሞ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መድኃኒቱ በሁለቱም ስፍራ አንድ ነው፤ አደጋው ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ በሌላ አገር ጠብታው ከተጀመረ በኋላ ሊታይ የሚችለው ነገር እዚህ ከመጀመሩ በፊት መታየት አለበት። ሬቲናው ብሌን ተከፍቶ ይመርመር፤ የዓይን ግፊት ይለካ፤ የአይሪስ ቁጣ አለመኖሩ ይረጋገጥ።

በተለይ የሞራ ነገር ሊታሰብበት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በኢትዮጵያ በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች 49.9 ከመቶ የዓይን ሞራ፣ 11.5 ከመቶ ትራኮማ ያስከተለው ጠባሳ፣ 5.2 ከመቶ ግላኮማ መሆናቸው ታውቋል። ሞራው በሌንሱ መካከል ላይ ያረፈ ሰው የሚያየው በዳር በኩል በሚገባው ብርሃን ነው። ብሌኑ ሲጠብ ያ ዳር ይዘጋበታል፤ ሊያነብ የፈለገው ሰው ከበፊቱም ይብስ ማየት ይሳነዋል። ስለዚህ «ዕድሜ ነው» ተብሎ ጠብታ ከመፈለጉ በፊት መንስኤው በእርግጥ ዕድሜ ብቻ መሆኑ ይጣራ።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀት ነው። ቩዪቲ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት እንዲቀመጥ በመግለጫው ታዟል። በቆላ ከተማ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለ ክፍል ወይም ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ማቀዝቀዣ በሌለበት፣ አየሩ ደረቅ እስከ ሆነ ድረስ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ የሸክላ ማሰሮ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር ማስቀመጥ ውስጡን ሊያበርደው ይችላል። ጠርሙሱ ውኃ እንዳይነካው በተዘጋ ዕቃ ይግባ፤ በማሰሮው ውስጥም ቴርሞሜትር ይቀመጥ፤ ያልተለካ ቅዝቃዜ አስተማማኝ አይደለምና።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ተልተሌ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከሞላ ጎደል በአንድ ሰዓት ትጠልቃለች፤ ምሽቱም ሳይዘገይ ይጨልማል። የቩዪቲ ውጤት በ15 ደቂቃ ያህል ጀምሮ እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2023 ወዲህ የመጀመሪያው ከገባ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ሁለተኛ ጠብታ መጨመር ተፈቅዷል። ከጧቱ 2 ሰዓት የገባ ጠብታ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ይሠራል። ሁለተኛው በ8 ሰዓት ቢገባ ግን እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ይዘልቃል፤ ባለ ሞተር ብስክሌቱ በጠበበ ብሌን ጨለማ ውስጥ ይገባል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ብሌኑ እንዲለቅ የሚፈልግ ሰው ሁለተኛውን ጠብታ ከቀኑ 6 ሰዓት ማሳለፍ የለበትም። እስከ 10 ሰዓት የሚቆየው ቪዝ ደግሞ በጧት አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ሲሆን፣ ከጧቱ 2 ሰዓት በኋላ ቢደረግ ወደ ምሽት ይሻገራል።

5. በሥራ ላይ የሚውል ደንብ

ከላይ የተዘረዘረውን ለአሠራር እንዲያመች እንደሚከተለው ማጠቃለል ይቻላል።

አንደኛ፣ ያለ ምርመራና ያለ ማዘዣ ጠብታ አይጀመር። ሌላ የዓይን ወይም የሰውነት ሕመም፣ በተለይም አስም ያለበት ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ ይግለጽ።

ሁለተኛ፣ ለግላኮማ የተሠራው 2 ወይም 4 ከመቶ ፓይሎካርፒን ለንባብ አይውልም። ውኃ ወይም ሌላ ፈሳሽ ጨምሮ ማቅጠንም ንጽሕናውን ያጠፋል፤ ፈጽሞ አይደረግ።

ሦስተኛ፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ የጠርሙሱ ጫፍ ዓይንን፣ ሽፋሽፍትን ወይም ጣትን አይንካ። አንድ ጠርሙስ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። የዓይን ማዝና ትራኮማ በመተላለፍ በሚዛመቱበት አካባቢ ጠርሙስ መዋዋስ በሽታ መዋዋስ ነው።

አራተኛ፣ ሌላ የዓይን ጠብታ የሚጠቀም ሰው በሁለቱ መካከል ቢያንስ 5 ደቂቃ ያሳልፍ።

አምስተኛ፣ የመጀመሪያው ሳምንት መዝገብ ይያዝለት፤ ጠብታው የገባበት ሰዓት፣ የራስ ምታቱ መጠን፣ ዕይታው የጠራበትና የጨለመበት ሰዓት ይጻፍ። ፓምፕ ሲተከል የሙከራ መዝገብ እንደሚያዝ ሁሉ፣ ለዓይንም ይህን ማድረግ ሐኪሙ መጠኑን ለመወሰን ይረዳዋል።

ስድስተኛ፣ የብርሃን ብልጭታ፣ የመጋረጃ ጥላ፣ ማስመለስ ያለው ብርቱ የዓይን ሕመም፣ ወይም በድንገት የጠፋ ዕይታ ከታየ ጠብታው ይቁም፤ ጉዞም ሳይዘገይ ይጀመር።

6. ስለ መነጽር

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚጠይቀው መድኃኒት ተፎካካሪው ማን ነው? በገበያ የሚሸጠው ቀላል የማንበቢያ መነጽር ነው። ከ1 እስከ 3 ዳይኦፕተር ባለው ኃይል ተዘጋጅቶ የሚገኝ ሲሆን፣ ራስ አያሳምምም፤ ብሌን አያጠብም፤ በሙቀት አይበላሽም፤ ሲያስፈልግ ይደረጋል፣ ሳያስፈልግ ይወልቃል። ቩዪቲ በወጣበት ጊዜ የአንድ ወሩ ወደ 80 የአሜሪካን ዶላር ይጠጋ ነበር።

የመነጽር ጥቅም በገቢ ጭምር ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት በሕንድ አገር በአሳም ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆኑ የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች የማንበቢያ መነጽር ሲሰጣቸው፣ ካልተሰጣቸው ይልቅ ምርታቸው በ21.7 ከመቶ ብልጫ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የባንግላዴሽ ጥናት ደግሞ መነጽር ያገኙ የገጠር ሠራተኞች ገቢ በ33.4 ከመቶ እንደበለጠ አመልክቷል። የሻይ ቅጠል ለቃሚ እንደ መሐንዲስ ሥዕል አያነብም፤ ነገር ግን ቅጠሉን የሚመርጠው በዓይኑ ነው። ቦሎቄ የሚለቅም፣ የወተት ዕቃ የሚሰፋ፣ መዥገር የሚነቅልም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ስፔክስ 2030 የተባለውን ጥረት የጀመረው መነጽር ለሚያስፈልገው ሁሉ እንዲደርስ ነው።

ይህ ማለት ጠብታው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ዕድሜው ከ40 እስከ 55 የሆነ፣ ዓይኑ ተመርምሮ ጤነኛ የሆነ፣ በቂ ብርሃን ባለበት ቤት ውስጥ በቀን የሚሠራ፣ በሥራው ጠባይ መነጽር የማይመቸው ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። ለምሳሌ የፊት መከላከያ አድርጎ የሚሠራ ወይም ላቡ መነጽሩን የሚያዳልጥበት ባለሙያ በሐኪም ምክር ቢሞክረው የሚነቀፍ አይሆንም። ለብዙኃኑ የቆላ ነዋሪ ግን ቅደም ተከተሉ ምርመራ፣ መነጽር፣ መብራት፣ ከዚያም ካስፈለገ ጠብታ መሆን ይኖርበታል።

ክቡራንና ክቡራት የማኅበሩ አባላት፣

በዚህ ስብሰባ ካሉት ብዙዎች አርባን ያለፉ ወይም ወደ አርባ የተጠጉ ናቸው። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየውኃ ግንባታው፣ በየጋራዡ ከእነርሱ ሥር የሚሠሩም ብዙ ናቸው። መለኪያ አሳስቶ ያነበበ ሠራተኛ ሁልጊዜ ቸልተኛ አይደለም፤ ቁጥሩ ስላልታየው ሊሆን ይችላል፤ አላየሁም ብሎ መናገርም ያፍራል። ማኅበሩ በየሥራ ቦታው የቅርብ ዕይታ መመርመሪያ ሰሌዳ እንዲሰቀል፣ በየመሣሪያ ሣጥኑ ከመፍቻውና ከመለኪያው ጋር የተለያየ ኃይል ያላቸው ጥቂት መነጽሮች እንዲቀመጡ፣ የሥራ ቦታ መብራት እንዲሻሻል ቢያደርግ፣ ወጪው ትንሽ ሆኖ የሚከላከለው ስሕተት ግን ብዙ ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንደሚባለው፣ ዓይን ገና በመነጽር በሚረዳበት ጊዜ ቢረዳ ይሻላል። ጠብታውን የመረጠም ሰው ጧት የተቀበለውን ጥራት ማታ በብርሃን እንደሚከፍል አውቆ ይምረጥ።